ከሴልማ እስከ ሞንትጎመሪ፦ የተቃውሞ ሩጫ በአምስት ቀን

በአላባማ ግዛት ከሴልማ ተነሥቶ ሞንትጎመሪ የሚያደርሰው መንገድ 54 ማይል ነው፤ 87 ኪሎ ሜትር ገደማ። በደንብ የተዘጋጀ ሯጭ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ማታ ሊገባበት ይችላል። ይህ ማስታወሻ ግን የአምስት ቀን ጉዞ ነው። በ1965 ለጥቁሮች የመምረጥ መብት የተሰለፉት ሰዎች መንገዱን በከፋፈሉበት ድልድል፣ በሄዱበትም ቀን፣ ከማርች 21 እስከ 25፣ በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት 12 እስከ 16 የሚሮጥ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።)

የተቃውሞ ሩጫ እንደ ውድድር አይታሰብም። ውድድር ያቋረጠ ሯጭ የሚያጣው የራሱን ውጤት ነው። ጉዳይ ተሸክሞ የተነሣ ሯጭ ግን 40ኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግሩ ቆስሎ ከቀረ፣ የተሸከመውም ጉዳይ አብሮት መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጉዳዩን የሚያደርሱት ካልሲ፣ ውሃ፣ ጨውና አጃቢ መኪና ናቸው። ይህን አሳንሶ የሚያይ ሰው የሴልማን ታሪክ በደንብ አላየውም።

ዋዜማ፤ ሴልማ

ከዋሽንግተን ወይም ከአትላንታ አካባቢ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ሰዓቱን ያስተካክል፤ አላባማ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። በዚህ ወቅት ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት 1 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ የምትጠልቀውም ማታ 1 ሰዓት ገደማ ነው። የሩጫው ፕሮግራም በዚህ ብርሃን ውስጥ ይወሰናል፤ መንገዱ ሃይዌይ 80 ነውና በጨለማ አይሮጥበትም።

ከሰዓት በኋላ ኤድመንድ ፔተስ ድልድይ ድረስ በእግር መሄድ ይገባል። ድልድዩ በ1940 የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ 380 ሜትር ያህል ነው፤ መካከሉ ጎበጥ ያለ ነው። ከከተማው በኩል የሚወጣ ሰው አናቱ ላይ እስኪደርስ ድረስ ማዶውን አያይም። ማርች 7 ቀን 1965፣ በመጀመሪያው ሙከራ፣ የሰልፉ መሪዎች ጆን ሉዊስና ሆዜያ ዊሊያምስ 600 ያህል ሰው አስከትለው ሲወጡ፣ መንገዱን የዘጋውን የግዛቱን ፖሊስ ያዩት እዚያ አናት ላይ ነበር። ከዚያ ዱላና አስለቃሽ ጭስ ሆነ። የሉዊስ ራስ ቅል ተሰነጠቀ። ዕድሜው 25 ነበር። በጀርባው ባነገታት ቦርሳ ሁለት መጽሐፍ፣ አንድ ፖም፣ አንድ ብርቱካን፣ የጥርስ ብሩሽና ሳሙና ይዞ ነበር፤ እስር ቤት እንደሚያድር አስቦ የያዘው ስንቅ ነው። ለ87 ኪሎ ሜትር መንገድ የሚሆን ድንኳንና ምግብ ግን በዚያ ቀን አልተዘጋጀም ነበር።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ነገሩ ተለወጠ። ሰልፈኞቹ ለፌዴራል ዳኛው ለፍራንክ ጆንሰን ያቀረቡት ዕቅድ በየቀኑ የሚሄዱትን ርቀትና የሚያድሩበትን ቦታ፣ ምግቡን፣ በመኪና የሚጓጓዘውን መጸዳጃና መታጠቢያ፣ አምቡላንሱን፣ ቆሻሻ የሚሰበስበውን ሰው ሳይቀር የያዘ ነበር። ዳኛው ማርች 17 ሲፈቅዱ፣ መንገድ ላይ ወጥቶ የመቃወም መብት ስፋቱ በሚቃወሙት በደል ግዝፈት ልክ መሆን አለበት አሉ። ይህን ውሳኔ ሰው ሁሉ ለሐረጉ ያስታውሰዋል። ተቃውሞ በእግሩ ለሚሠራ ሰው ግን ከሐረጉ እኩል ያ የመጸዳጃ ዝርዝር ሊጠና ይገባዋል።

የዋዜማው ሥራ እንግዲህ ይህ ነው። የተቃውሞው ቃል በአንድ ወረቀት ይጻፋል፦ ምን በደል፣ ከማን ምን ይጠየቃል፣ እስከ መቼ። ከአንድ ገጽ አይለፍ። አንዱ ቅጂ ከሩጫው በፊት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላክ፤ ሌላው በሁለት ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከሯጩ ጋር ይሂድ። ማልያው ላይ የሚጻፈው ከአምስት ቃል አይብለጥ፤ ፊደሉ ቢያንስ አንድ እጅ መዳፍ ይርዘም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ሾፌር ለማንበብ የሚያገኘው ጊዜ ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። በአማርኛ ብቻ ጽፎ አላባማ መሮጥ ጉዳዩን መደበቅ ይሆናል፤ በአገሬው ቋንቋ ከፊት፣ በራስ ቋንቋ ከኋላ ማድረግ ይቻላል።

ስለ ፈቃድ፦ የመንገድ ዳር ይዞ ብቻውን የሚሮጥ ሰው እና መኪና አሰልፎ የሚሄድ ቡድን በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ሳምንታት ቀደም ብሎ ለሁለቱም ከተሞች ፖሊስ ስንት ሰው፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ጎዳና እንደሚያልፍ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ መልሱንም አትሞ መኪና ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሞንትጎመሪ ባለው የግዛቱ መንግሥት ሕንፃ (ካፒቶል) ደረጃ ላይ ንግግር ማድረግ ከታሰበም ለብቻው ይጠየቅ።

ቀን 1፤ 11 ኪሎ ሜትር

መነሻው ብራውን ቻፕል ቤተ ክርስቲያን ነው። ማርች 21 ቀን 1965 እሑድ ነበር፤ ከዚህ ደጅ 3,200 ያህል ሰው ተነሣ። ሩጫው በእርምጃ ይጀመራል፤ የመጀመሪያው 10 ደቂቃ በሙሉ እርምጃ ነው። ድልድዩን በእግረኛ መሄጃው ይዞ መውጣት፣ አናቱ ላይ መቆም። የሚጸልይ ይጸልያል።

ከድልድዩ ማዶ ሶምሶማ ይጀምራል። ፍጥነቱ ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ7 ደቂቃ ተኩል እስከ 8 ደቂቃ ነው፤ 25 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 5 ደቂቃ እርምጃ። አፉን ገጥሞ በአፍንጫው መተንፈስ ያልቻለ ሯጭ ፈጥኗል ማለት ነው። የመጀመሪያው ቀን ትልቁ አደጋ ይኸው ነው፤ እግር ትኩስ ነው፣ ልብ በስሜት ይመታል፣ 11 ኪሎ ሜትር ደግሞ ያንሳል። እዚህ ላይ በኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ የሮጠ ሰው ዕዳውን የሚከፍለው ቀን 4 ላይ ባቱ ሲያዝ ነው።

ያን ዕለት ሰልፈኞቹ ያደሩት ዴቪድ ሆል በተባሉ ጥቁር ገበሬ መሬት ላይ፣ በትላልቅ ድንኳኖች ነው። እራቱ ስፓጌቲ ነበር። ሴልማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀቅሎ፣ በአዳዲስ የቆርቆሮ የቆሻሻ በርሜሎች ተሞልቶ በመኪና መጣ፤ ለዚያ ሁሉ ሰው የሚበቃ ድስት ከየት ይመጣል? ሌሊቱ ውሃ የሚያረጋ ብርድ ነበር። ቦታው ዛሬም የግል መሬት ነውና ዘሎ መግባት አይገባም። ሯጩ በመኪና ወደ ሴልማ ተመልሶ ያድራል።

በመኪና መመለስ ካለ የቆሙበትን ቦታ በትክክል መያዝ የግድ ነው። በስልክ የቦታውን መጋጠሚያ መመዝገብ፣ ቅርብ ካለው የማይል ምልክት ጋር ፎቶ ማንሳት፣ በነጋታው ከምልክቱ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ መጀመር። የተቃውሞ ሩጫ ጠላት አያጣም። «ግማሹን በመኪና ነው የሄደው» የሚል አንድ ሰው ከመጣ መልሱ ንግግር ሳይሆን ያ ፎቶ ነው።

ቀን 2፤ 26 ኪሎ ሜትር

እውነተኛው መንገድ የሚጀምረው ዛሬ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት፣ ከመቆሚያ ጋር አራት ሰዓት ግድም ይወስዳል፤ ቀትር ሳይሞላ ይጠናቀቃል።

ሃይዌይ 80 አሁን በአብዛኛው አራት መስመር ነው። የሚሮጠው በግራ፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና እያዩ ነው። ይህ ለደኅንነት ትክክል ሆኖ ለጉልበት ግን ችግር አለው። የአስፋልቱ ዳር ውሃ እንዲወርድ ወደ ውጭ ያዘነበለ ነው፤ ስለዚህ ለሰዓታት የግራ እግር ዝቅ፣ የቀኝ እግር ከፍ ባለ ቦታ ያርፋል። አንድ እግሩ እንዳጠረ ሰው መሮጥ ማለት ነው። 15ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ከጉልበት ውጫዊ ጎን ላይ እንደ ቢላ የሚወጋ ሕመም ከተሰማ ምክንያቱ ይኸው ነው። መድኃኒቱ ጫማ መቀየር አይደለም። እርምጃን ማሳጠር፣ ወደ ነጩ መስመር ጠጋ ብሎ ከሚገኘው ሜዳማ ክፍል ላይ መሮጥ፣ ሕመሙ ሲመጣ ወዲያው ወደ እርምጃ መቀየር ነው። ተሻግሮ በቀኝ መሮጥ ግን ፈጽሞ አይሞከር፤ ከኋላ የሚመጣ መኪና አይታይም። ከመስመሩ ዳር የተቆፈሩ፣ የሾፌርን እንቅልፍ የሚያባንኑ ቦዮችም አሉ፤ ቁርጭምጭሚት የሚጠማዘዘው በእነሱ ላይ ነው።

ግንድ የጫኑ ከባድ መኪናዎች ያልፋሉ። መኪናው ከመድረሱ በፊት ነፋሱ ይገፋል፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ ይስባል። ኮፍያ በማሰሪያ ይታሰር፤ መኪናው ሲቃረብ ሁለት እርምጃ ወደ ሣሩ መውጣት ያዋጣል። አንጸባራቂ ሰደርያ በቀንም ይለበሳል።

አጃቢ መኪና ከሯጭ ኋላ እየተሳበ አይሂድ። ብዙዎች ለሯጩ ከለላ የሚሰጡ መስሏቸው ይህን ያደርጋሉ፤ በፍጥነት የሚመጣ ሾፌር ግን የቆመ ያህል የሚሄደውን መኪና የሚያየው ዘግይቶ ነው፤ ተገፍቶ የሚመጣው መኪናም የሚያርፈው ሯጩ ላይ ነው። ትክክለኛው አሠራር መኪናው 3 ኪሎ ሜትር ቀድሞ ከመንገድ ወጥቶ፣ ሰፋ ባለ ቦታ መጠበቅ ነው። ሯጩ ሲደርስ ውሃ ይሰጠዋል፣ አልፎ ሲሄድ መኪናው እንደገና ይቀድመዋል። በዚህ ዓይነት ለ26 ኪሎ ሜትር ስምንት መቆሚያ በቂ ነው። መሀል መንገድ ላይ ሱቅ ብርቅ ነውና ሁሉም ነገር ከሴልማ ይጫናል።

ውሃ በሰዓት ግማሽ ሊትር፣ ከሞቀ እስከ 700 ሚሊ ሊትር። ጨው በሰዓት 1 ግራም ገደማ፣ ማለትም በሦስት ጣት የሚቆነጠር። ውሃ ብቻውን ያለ ጨው ደጋግሞ መጠጣት ጥማት ከማስታገስ አልፎ የደም ጨውን ያቀጥናል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጣት ማበጥ ይጀምራል። ሰው ይህን ሲያይ «ውሃ አንሶት ነው» ብሎ ይጨምርለታል፤ ያኔ ነገሩ ይከፋል። ቀለበቱ ጣቱ ላይ የጠበበበት ሯጭ ውሃ ማቆምና ጨዋማ ነገር መብላት አለበት፤ ግራ መጋባት ከጀመረው ሐኪም ቤት ነው።

እዚህ ላይ ለኦርቶዶክስ ሯጮች አንድ ነገር። ዐቢይ ጾም ከመጋቢት 5 ወዲያ አይገባም፣ ትንሣኤም ከመጋቢት 26 በፊት አይውልም። ስለዚህ እነዚህ አምስት ቀናት በየትኛውም ዓመት ጾም ውስጥ ናቸው። የጾም ምግብ ለሩጫ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ይስማማል። ችግሩ እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ መዋሉ ነው። 26 ኪሎ ሜትር ያለ ውሃ መሮጥ ኩላሊትን ይጎዳልና ከመነሣት በፊት ከነፍስ አባት ጋር ተነጋግሮ መወሰን ይገባል፤ መንገድ ላይ ከራስ ጋር መሟገት አይደለም።

ስንቁ በሶ ነው። ለግማሽ ሊትር ጠርሙስ 3 የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ 2 ማንኪያ ስኳር፣ አንድ ቁንጥር ጨው። በሶው ሁለት ጊዜ በወንፊት ካልተነፋ የጠርሙሱን አፍ ይደፍናል። መጀመሪያ በጥቂት ውሃ ይበጠበጣል፣ ከዚያ ይሞላል። ወፍራም አድርጎ መጠጣት ሆድ ይነፋል። ፀሐይ ላይ ከሦስት ሰዓት በላይ የቆየው ይደፋ፤ ይኮመጥጣል። ቆሎ ለዕረፍት ሰዓት ጥሩ ነው፤ እየሮጡ ግን ትን ይላል፣ አፍም ያደርቃል።

ዕረፍት ሲባል ደግሞ፣ ከመንገዱ ዳር ለስለስ ያለ የአፈር ቁልል ታይቶ አይቀመጡበት። የጉንዳን ቤት ነው። የዚህ አገር ቀይ ጉንዳን ንክሻ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ በነጋታውም መግል የቋጠረ ነጠብጣብ ይሆናል። ታጣፊ ወንበር ከመኪናው ይውረድ። ውሻ ከመጣ መሮጥ ማቆም፣ ፊት ለፊት መቆም፣ ጠንከር ባለ ድምፅ ማዘዝና ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ነው፤ የሚሮጥን ያባርራል፣ የቆመን ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል።

የላውንደስ ካውንቲ የሚጀምረው በዚህ ቀን ነው። በ1965 መንገዱ እዚህ ወደ ሁለት መስመር ይጠብ ስለነበር ፍርድ ቤቱ ከ300 ሰው በላይ እንዳያልፍ ወሰነ፤ ሌላው ሕዝብ ወደ ሴልማ ተመለሰ። ከነዋሪው አምስት እጅ አራቱ ጥቁር በነበረበት በዚህ ካውንቲ፣ ዓመቱ ሲጀምር በመራጭነት የተመዘገበ ጥቁር አንድም አልነበረም። አንድም። ከሰልፉ በኋላ ለመመዝገብ የደፈሩት ጭሰኞች ከመሬታቸው ተባርረው በድንኳን ከረሙ። ዋይት ሆል አጠገብ ያ ሰፈር በነበረበት ቦታ ዛሬ ሙዚየም ቆሟል። የዕለቱ ማደሪያ የሮዚ ስቲል እርሻ ነበር። መሬታቸውን ለአንድ ሌሊት ያበደሩ ሰዎች ከተራማጆቹ ባልተናነሰ አደጋ ላይ ነበሩ፤ ተራማጁ በነጋታው ይሄዳል፣ እነሱ እዚያው ይቀራሉ።

ቀን 3፤ 18 ኪሎ ሜትር

በ1965 ይህ ቀን ዝናብ ነበር። ሰልፈኞቹ የሮበርት ጋርድነር እርሻ ሲደርሱ ማደሪያው ጭቃ ሆኖ ጠበቃቸው። ማርች ላይ ደቡብ አላባማ ዝናብ አያስገርምምና፣ ባይዘንብም እንደሚዘንብ ሆኖ መዘጋጀት ነው።

እርጥብ እግር ይነጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይላጣል። በየ6 ኪሎ ሜትሩ ካልሲ ይቀየር፤ ለዛሬ ብቻ አራት ጥንድ። ከመነሣት በፊት በጣቶች መካከልና ተረከዝ ላይ ቫዝሊን በደንብ ይቀባ። እስከ ሦስተኛው ቀን እግር ስለሚያብጥ ጫማው ከወትሮው በግማሽ ቁጥር የሚበልጥ መሆን አለበት፤ ማታ ደግሞ ጋዜጣ ተጨምቆ ይጠቀጠቅበታል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ በደረቅ ይቀየራል። እሳት ወይም ማሞቂያ ላይ የደረቀ ጫማ ሙጫው ይለቃል።

እግር ውሃ ከቋጠረ፦ እጅ በሳሙና፣ ቦታው በአልኮል ይጠረጋል። መርፌው በአልኮል ታሽቶ ከቋጠሮው ሥር፣ ከጠርዙ፣ በሁለት ቦታ ይወጋል። በንጹሕ ሻሽ ቀስ ተብሎ ይጫናል። ቆዳው አይላጥም፤ ከርሱ የተሻለ ፋሻ የለም። ከዚያ ፕላስተሩ ማዕዘኖቹ በመቀስ ክብ ተደርገው ይለጠፋል፤ ሹል ማዕዘን ካልሲ ይይዘውና ከአንድ ሰዓት በኋላ ይነሣል። ፕላስተሩ ላይ አንዲት ሽብሽብ ካለች አዲስ ቁስል እሷ ናት፤ ተነሥቶ እንደገና ይለጠፍ። ፈሳሹ ደፍርሶ ከሆነ ወይም ዙሪያው ቀልቶ የሚሞቅ ከሆነ ሩጫው ይቆማል።

መንገዱ እዚህ ላይ ምንም አያሳይም። ጥድ፣ የግጦሽ መስክ፣ ጥድ። ፍጥነት ስለቀነሰ የሚያፍር ሯጭ ካለ ጂም ሌዘረርን ያስብ። ከሚሺጋን የመጣ ነጭ ሰው ነበር፤ አንድ እግሩ የለም፣ መንገዱን በሙሉ በሁለት ክራንች ሄደው። ከመንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች «ግራ፣ ግራ፣ ግራ» እያሉ እንደ ወታደር ሰልፍ ያላግጡበት ነበር። ክራንች ከእግር ይልቅ ብብትና መዳፍ ይልጣል፤ 87 ኪሎ ሜትር በመዳፍ ማለት ነው። ድንጋይ ተሸክሞ ኩልቢ ዳገቱን የሚወጣ ባለ ስለት ይህን ከማንም ይልቅ ይረዳዋል።

ቀን 4፤ 26 ኪሎ ሜትር

መንገዱ ይሰፋል፣ መኪናው ይበዛል፣ አውሮፕላን ማረፊያው ያልፋል፣ የሞንትጎመሪ ዳርቻ ይጀምራል። ጭር ካለው መንገድ ይልቅ አደገኛው እዚህ ነው፤ ከሃይዌይ የሚወጡና የሚገቡ መኪናዎች ወደ ቀኝና ግራ እንጂ እግረኛን አያዩም። በእያንዳንዱ መገንጠያ ላይ መቆም፣ የሾፌሩን ዓይን መያዝ፣ ከዚያ መሻገር። አጃቢው መኪና ከዚህ በኋላ በየ2 ኪሎ ሜትሩ ይቆማል።

የዛሬው ሕመም ሁለት ዓይነት ነውና መለየት ያስፈልጋል። መላ ጭኑን ያዳረሰ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚለቅ ሕመም ድካም ነው፤ ይኬድበታል። በአንድ ጣት ሊጠቆም የሚችል፣ አጥንት ላይ ያለ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚጨምር ከሆነ ግን የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሶምሶማው ይቆማል፤ በእርምጃም ካልቀነሰ መንገዱ እዚያ ምልክት ተደርጎበት ይቆማል፣ በሌላ ጊዜ ከዚያው ይቀጥላል። ማስታገሻ ክኒን ውጦ መቀጠል፣ በተለይ ውሃ በጎደለው ሰውነት ላይ ኢቡፕሮፌን፣ ለኩላሊት ጠንቅ ነው።

መድረሻው ሴንት ጁድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል የነበረበት የካቶሊክ ግቢ። በ1965 ማርች 24 ማታ ሃሪ ቤላፎንቴ ያሰባሰባቸው ሙዚቀኞች እዚህ ለሕዝቡ ተጫወቱ፤ ኒና ሲሞን፣ ሳሚ ዴቪስ ጁኒየር፣ ጆአን ቤዝ ነበሩበት። መድረክ አልነበረምና ከጥቁሮች የቀብር አገልግሎት ቤት የመጡ የሬሳ ሣጥኖች ተደርድረው መድረክ ሆኑ። ያ ሁሉ ጉዞ የተጀመረው በአንድ ሬሳ ምክንያት ነበር። ጂሚ ሊ ጃክሰን ማሪየን ከተማ ላይ በግዛቱ ፖሊስ በጥይት ተመትቶ ፌብሩዋሪ 26 ሲሞት፣ አስከሬኑን ሞንትጎመሪ ወስደን ገዥው ደጅ እናስቀምጠው የሚል ሐሳብ ነበር መጀመሪያ የተነሣው።

ማታ ሁለት ሳህን ሩዝ በምስር፣ ሙዝ፣ ጨው የበዛበት ሾርባ። እግር ለ20 ደቂቃ ግድግዳ ላይ ወደ ላይ ይሰቀል። ደብዳቤው ከፕላስቲኩ ወጥቶ ይታይ፤ ላብ ገብቶበት ከሆነ አዲስ ይታተም።

ቀን 5፤ 6 ኪሎ ሜትር ተኩል

የመጨረሻው ቀን አጭር የሆነው ሆን ተብሎ ነው። ሰው እንዲቀላቀል፣ ልብስ እንዲቀየር፣ ቀኑ ሳይመሽ እንዲደረስ። ላውንደስ ካውንቲን በ300 ሰው ያለፈው ጉዞ ካፒቶሉ ፊት ሲደርስ 25,000 ሆነ።

እዚህ ሶምሶማ አያስፈልግም። በእግረኛ መንገድ፣ መብራት እየጠበቁ፣ ለሚጠይቅ ሁሉ እያስረዱ መሄድ ነው። ማስረዳቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን፤ ስም፣ ከየት እንደተነሡ፣ ምን እንደሚጠይቁ። ወረቀቱን የሚቀበል ይቀበላል። የሚሳደብም አለ። ለስድብ መልስ አይሰጥም፣ እግርም አይቆምም። መንገዱ ኮርት ስኩዌር ላይ ይወጣል፤ ባሪያ ይሸጥበት የነበረ አደባባይ ነው፣ በ1955 ለነጭ ወንበራቸውን አልለቅም ያሉት ሮዛ ፓርክስ አውቶቡስ የተሳፈሩትም እዚያው ነው። ከዚያ ዴክስተር ጎዳና ቀጥ ብሎ ወደ ነጩ ካፒቶል ይወጣል። ቀለል ያለ ዳገት ነው፤ ለአምስተኛ ቀን እግር ግን ዳገት ነው።

ብዙ ሯጮች እዚህ ሲደርሱ ስሜት ይይዛቸውና ይፈተለካሉ። አያስፈልግም። ፈይሳ ሌሊሳ ኦገስት 21 ቀን 2016 ሪዮ ላይ ያደረገውን ማየት ነው። 42 ኪሎ ሜትሩን እንደማንኛውም ተወዳዳሪ ሮጠ፤ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ሁለተኛ ሆኖ መስመሩን ሲቃረብ እጆቹን ከራሱ በላይ አመሳቀለ፤ በኦሮሚያ በተቃዋሚዎች ላይ የሚደርሰውን ግድያ ለመቃወም። ምልክቱ የወሰደው ሰከንዶች ነው። ለዚያች ሰከንድ የዓለምን ካሜራ የሰበሰበለት ግን ከኋላው ያለው ርቀት ነው፤ መሀል ላይ አቋርጦ ቢሆን ማንም አያየውም ነበር። ከዚያ በኋላ አገሩ የገባው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ኦክቶበር 2018 ነው። ይህን ዋጋ ሳያስቡ የተቃውሞ ሩጫን ማሰብ አይቻልም። ቤተሰቡ አገር ቤት ያለ ሯጭ ማልያው ላይ የሚጽፈውን ከቤተሰቡ ጋር ተማክሮ ይጻፍ።

ደብዳቤው ላይቀበሉት ይችላሉ። ማርች 25 ቀን 1965 አገረ ገዥው ጆርጅ ዋላስ የሰልፉን መልእክተኞች አልተቀበሉም። የምርጫ መብት ሕጉ ግን ኦገስት 6 ተፈረመ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 3 ደግሞ የኢሚግሬሽን ሕጉ ተፈረመ፤ ቀድሞ ለኢትዮጵያ በዓመት 100 ሰው ብቻ ይፈቅድ የነበረውን የኮታ ሥርዓት ያስቀረው ይህ ነው። ዛሬ ከቨርጂኒያም ከአትላንታም ተነሥቶ እዚህ ደረጃ ላይ የሚቆም አበሻ የመጣበት በር የተከፈተው በዚያች ዓመት ነው። ስለዚህ ዘብ የቆመው ሰው «አልቀበልም» ቢል ደብዳቤው ይነበባል፣ ቀንና ሰዓት ያለበት ፎቶ ይነሣል፣ ቀድሞ የተላከው ቅጂ የአደራ ደረሰኝ ከፎቶው ጋር ይቀመጣል።

ከመመለስ በፊት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ዕረፍት፣ ምግብ፣ ደረቅ ልብስ። ሯጩ መኪና አይነዳም፤ 87 ኪሎ ሜትር የተሸከመ እግር ፍሬን ላይ ይዘገያል፣ ዓይንም ይከደናል። ጉዞው ወደ ሴልማ ከሆነ በብርሃን፣ በዚያው ሃይዌይ 80። ቪዮላ ሊውዞ ያን ዕለት ማታ በዚህ መንገድ ላይ ነበሩ፤ ከዲትሮይት የመጡ የአምስት ልጆች እናት፣ ዕድሜያቸው 39። ሰልፈኞችን በገዛ መኪናቸው ሲያመላልሱ ላውንደስ ካውንቲ ውስጥ የነጭ የበላይነት አራማጁ የኩ ክሉክስ ክላን ቡድን አባላት በጥይት ገደሏቸው። ሰልፉ አልቆ ነበር፤ የቀረው ሰው ቤቱ ማድረስ ብቻ ነበር።

የመታሰቢያ ድንጋያቸው ከመንገዱ ከፍ ብላ በምትገኝ ጉብታ ላይ ነው፤ ዙሪያው በብረት አጥር ታጥሯል። መኪናው ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ይቁም። ጉብታው አጭር ቢሆንም ጉልበት እንቢ ይላልና፣ ወደ ጎን እየረገጡ፣ አንዱ የአንዱን ክንድ ይዞ ነው የሚወጣው።